ገብቷቸዋል

«ሃያ አራት!» አለ ተረኛው ሐኪም፣ የስኳር መለኪያውን ወደ መብራቱ አዙሮ ደግሞ እያየ። «ሃያ አራት ነው የሚለው። ሲስተር፣ ደም ሥር! ቶሎ!»

ደም ሥር በመፈለግ ከነርሷ የሚቀድም በሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም፤ ከስኳር ክትትል ክፍል ድረስ ተጠርታ የመጣችውም ለዚሁ ነው። ራሱን የሳተውን ሰውዬ ግራ እጅ ሳበች፣ ክንዱን በላስቲክ አሰረች፣ በላብ የራሰውን ቆዳ በጥጥ ጠርጋ መርፌውን አስገባች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ግሉኮሱ መግባት ሲጀምር ነው የያዘችውን እጅ ልብ ብላ ያየችው። የአውራ ጣቱ ጥፍር ከሌሎቹ ተለይቶ ረዝሟል፤ ጫፉም ተሞርዶ ቀጥኗል።

ይህን ጥፍር ታውቀዋለች። የእጅ ሰዓት የጀርባ ክዳን የሚከፈትበት ጥፍር ነው። ቀና ብላ ፊታቸውን ስታይ ሰዓት ሠሪው ናቸው፤ የራሷ ታካሚ። ከንፈራቸው ነጥቷል፣ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ የሚያየው ነገር የለም።

«ታውቂያቸዋለሽ?» አለ ሐኪሙ ፊቷን አይቶ።

«ከእኔ ዘንድ ነው የሚከታተሉት። ኢንሱሊን ከጀመሩ ሁለት ሳምንታቸው ነው።»

«ከሰባ በታች መውረድ የሌለበት ስኳር እዚህ ድረስ እንዴት ወረደ? ራሳቸው ናቸው የሚወጉት?»

«ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው መርፌ ይፈራሉ።»

ዕድሜ ልካቸውን ከመርፌ በቀጠነ ብረት ሲጫወቱ የኖሩ ሰው መርፌ መፍራታቸው ለክትትል ክፍሉ ትልቅ ሳቅ ሆኖ ነበር። አሁን ግን የሚስቅ አልነበረም። ሐኪሙ ሁለተኛውን ግሉኮስ እየቀዳ፣ «በይ ውጪና ባለቤታቸውን ጠይቂልኝ» አላት። «መቼ ወጓቸው? ስንት ጊዜ?»

በሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷን በስሟ የሚጠራት የለም ማለት ይቻላል። «ቶሎ ቶሎ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ነው። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚለውን ተረት አስቦ ሊነካት ነበር፤ እሷ ግን ግድግዳውን ትታ ቶሎ ቶሎውን ወሰደችና እንደ ማዕረግ ለበሰችው። ምን ታድርግ? በቀን ከሠላሳ አምስት ሰው በላይ በሯ ላይ ይሰለፋል። ክፍሏ ውስጥ ያለው ትርፍ ወንበር እንኳ የካርድ መከመሪያ ከሆነ ቆይቷል፤ እሷም ቆማ፣ ታካሚውም ቆሞ ነው ነገር የሚያልቀው። ከግድግዳው ወዲያ ያለችውን ባልደረባዋን ደግሞ እሷ ራሷ «ዔሊ» ብላታለች። ዔሊ ያስተማረችውን ታካሚ መልሳ ታስነግራለች። «እስኪ አሁን እርስዎ ነርስ ይሁኑ፣ እኔ ታካሚ ልሁን» ትላለች። እንዲህ ስትል አሥራ አምስት ሰው ሳታይ ይመሽባታል። ቶሎ ቶሎ ይህን በግድግዳው በኩል ስትሰማ፣ «ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ጀመረች ደግሞ» እያለች ትስቅባት ነበር።

የሰዓት ሠሪው ባለቤት ከድንገተኛ ክፍሉ በር ትይዩ ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ የመድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ፔርሙስ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አንድ እግራቸው የቤት ጫማ፣ አንዱ የውጭ ጫማ አድርጓል።

«እናቴ» አለቻቸው አጠገባቸው ቆማ።

«ሞቱ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ኧረ አልሞቱም! መድኃኒት እየገባላቸው ነው። ጠዋት ምን ሆኑ? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ጠዋትማ ደህና ነበሩ። እንደ ወትሮው ወጋኋቸው። ለቁርስ ቀረብ እንዳሉ፣ ሁለቴ እንኳ ሳይጎርሱ ደንበኛ መጣባቸውና ተነሡ። ያን የግድግዳ ሰዓት ዛሬውኑ ካላደረስክልኝ ብሎ ሰቅዞ ያዛቸው። ትንሽ ቆይተው ከጠረጴዛቸው ላይ ብሎን ጣሉ። አነሡና ደግመው ጣሉ። እሳቸው እኮ ብሎን ጥለው አያውቁም፤ በአርባ ዓመት አንድ ብሎን አልጠፋባቸውም። ቀረብ ብዬ ሳይ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ያኔ አወቅኩ።»

«ምኑን አወቁ?»

«ስኳራቸው እንደወረደ ነዋ! አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ሲያልባቸው፣ ሲንቀጠቀጡ ወርዷል ማለት ነው ብለሽኝ። እውነቴን ነው ልጄ፣ ማወቄ ደስ እንኳ ብሎኝ ነበር።»

«በትክክል ነው ያወቁት። ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንዳልሽኝ ቶሎ ብዬ ስኳራቸውን ሰጠኋቸው።»

«ስንት ማንኪያ?»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «የምን ማንኪያ?»

«ስኳሩን ነዋ እናቴ። በውኃ በጥብጠው ነው የሰጧቸው ወይስ እንዲሁ?»

«ውይ ልጄ፣ ስኳር በአፍ ይሰጣል እንዴ! መርፌውን ነው እንጂ።» ፔርሙሱን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት። «ስኳራቸው ይኸው። አልለቃቸው ሲል ደገምኩላቸው። ከዚያ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ወደ ጎን ወደቁ። እኔስ ያነሰባቸው መስሎኝ ልጨምር ስል ጎረቤታችን መኪናውን ይዞ ደረሰ።»

ነርሷ ፔርሙሱን አየች። የሚቀጥለውን ጥያቄ መልሱን እያወቀችው ነው የጠየቀችው።

«መድኃኒቱን ነው እንዴ... ስኳር የምትሉት?»

«ታዲያ ሌላ ምን ስኳር አለን? ጠዋት ጠዋት ስኳሬን ስጪኝ ነው የሚሉኝ። የሚበላውንማ ከቤት ይውጣ ስትይን ያን ዕለቱን ለጎረቤት አልሰጠሁትም? አንዲት ፍንጣቂ የለም ቤታችን። አሳዪኝ ብትይኝ ማሳየት እችላለሁ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አጎደልኩ እንዴ ልጄ? ያላደረግኩት ምን አለ?»

ነርሷ «መጣሁ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ግን ወደ ሐኪሙ አልሄደችም። የእጅ መታጠቢያው ዘንድ ቆማ ውኃውን ከፈተችና እጇን ሳትታጠብ ቆየች።

«ስኳር ሲወርድ ስኳር ይስጡ።» ይህች አረፍተ ነገር የራሷ ፈጠራ ነበረች። አጭር ናት፣ ቤት ትመታለች፣ ያልተማረ ሰው እንኳ አይረሳትም ብላ ትኮራባት ነበር። ዓመታት ስትደጋግማት ኖራለች። የመጀመሪያው ስኳር ደም ውስጥ ያለው፣ ሁለተኛው ስኳር ማንኪያ ላይ ያለው እንደሆነ ለእሷ ግልጽ ነው። ሦስተኛ ስኳር እንዳለ፣ በሽታውም መድኃኒቱም በአንድ ስም የሚጠሩበት ቤት እንዳለ አልጠየቀችም። ደግሞ የሚበላውን ስኳር ከዚያ ቤት ጠርጋ ያስወጣችው እሷው ናት።

ያን ቀን ጥሩ አድርጋ ታስታውሳለች። ሰዓት ሠሪውና ባለቤታቸው ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሰውዬው ደረቷ ላይ የተሰካችውን ሰዓት ከሩቅ አይተው፣ «ሲስተር፣ ሰዓትሽ አምስት ደቂቃ ይቀድማል፤ ላስተካክልልሽ?» አሏት።

«ተዉት አባባ፣ እሱ ካልቀደመ እኔም አልቀድምም» ብላ አሳቀቻቸው። ከዚያ መርፌው እንዴት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወጋ፣ ምን እንደሚከለከል ተናገረች። በመጨረሻ ያችን አረፍተ ነገሯን ጣል አደረገችና፣ «ገባዎት አይደል?» አለች። ሴትዮዋ አንድ ጣታቸውን ከነጠላቸው ሥር ብቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ...» ሲሉ በሩ ተከፈተና የሚቀጥለው ሰው ራሱን አስገባ።

«ለቀጠሮው ቀን እናቴ፤ ሰው ቆሟል። ብቻ ገባዎት?»

«እሺ» አሉ ሴትዮዋ።

እሷም ካርዱ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ከሚለው ሥር «ገብቷቸዋል» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ እሷም በቀን ሠላሳ አምስት እሺ እየሰበሰበች በሰላም ቤቷ ትገባ ነበር። ለነገሩ እሺ በእኛ አፍ የማይሆነው ነገር የለም። ገባኝ ማለት ይሆናል፣ ሰማሁሽ ማለት ይሆናል፣ አልገባኝም ግን አላስቸግርሽም ማለትም ይሆናል። ብዙ ጊዜም ይኸኛው ነው። ሴትዮዋ የተጠየቁት «ገባዎት?» ተብለው ነው፤ የመለሱት ደግሞ «እሺ» ብለው ነው። ጥያቄና መልሱ እንኳ አይገጥሙም። ይህንን ሕፃን ልጅም ይለየዋል፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

ውኃውን ዘጋችና ወደ ሐኪሙ ሄደች። «ተሳስተው መድኃኒቱን ደገሙላቸው» አለችው። ውሸት አልነበረም። ግማሽ እውነት ግን አንዳንዴ ከውሸት ይከፋል።

ሐኪሙ ካርዱን ገልጦ እያየ ነበር። «ቤተሰቡ በስህተት ከመጠን በላይ ሰጥቷል» እያለ ጻፈ። ከዚያ ገጹን መለስ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ትምህርቱም ተሰጥቷል፤ ገብቷቸዋል ይላል፤ ፊርማሽም አለ። እንግዲህ አንቺ ከዚህ በላይ ምን ታደርጊ! የሚጠይቅሽ የለም፤ አይዞሽ።»

እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ እፎይ በማለቷ አፈረች። ሰውዬው አጠገቧ ተዘርግተው፣ በሚያቃስት አፋቸው አጠገብ ቆማ፣ የእሷ ልብ ያረፈው ለፊርማዋ ነው።

ወደ ኮሪደሩ ስትመለስ የሰዓት ሠሪው ልጅ ደርሳለች። መምህርት ናት፤ ከክፍል ወጥታ እንደመጣች የጠመኔው ብናኝ ከእጅጌዋ አልረገፈም። እናቷ ፊት ቆማ ትጮኻለች።

«ሦስቴ! እማዬ ሦስቴ? ሰው አንድ ነገር ሲያቅተው አይጠይቅም? ስልክ የለሽም? አትደውይልኝም?»

«ቶሎ ስጡ ስለተባልኩ...»

«ማን ነው መርፌ ደራርበሽ ስጪ ያለሽ? ማን?»

ሴትዮዋ ነርሷን አዩዋት። ነርሷም አየቻቸው። አሁን እናገራለሁ አለች በልቧ። አፏንም ከፈተች። ሴትዮዋ ግን ቀደሟት።

«እሷማ በደንብ ነግራኛለች፤ በእሷ አትምጪ» አሉ ለልጃቸው። «እኔው ነኝ ድንጋይ ራስ። አባትሽን በገዛ እጄ ገድያቸው ነበር።»

ነርሷ አፏን መልሳ ዘጋች። ከውስጥ ሐኪሙ ሲጣራ፣ «መጣሁ» ብላ ገባች፤ መጠራቷም እንደ ልቧ ሆነላት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ራሷ ስታስብ ከሁሉ ነገር ይልቅ የሚቆጠቁጣት ይህች ጊዜ ናት። ያቺን አረፍተ ነገር ስትናገር አላወቀችም ነበር፤ አፏን ስትዘጋ ግን አውቃ ነው።

ሰዓት ሠሪው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነቁ። መጀመሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ቀጥለው የተንጠለጠለውን ግሉኮስ፣ በመጨረሻ እሷን። ቃላቸው እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

«ሰዓቴ... ቆሞ ነበር... መሰለኝ።»

«ተነሥቷል አባባ» አለች። ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተጋጨባት። «ደህና ነዎት። ሆስፒታል ነዎት።»

«ያንቺስ... አሁንም ይቀድማል?»

ደረቷ ላይ ያለችውን ሰዓት ለመንካት ቀኝ እጃቸውን አነሡ። እጃቸው ግማሽ መንገድ መጥቶ ተዛባ፤ ጣቶቻቸው ሰዓቷን አልፈው የጋውኗን ጨርቅ ዳበሱ። ደግመው ሞከሩ። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ሊገናኙ አልቻሉም። እጃቸውን ትንሽ ጊዜ እንደ እንግዳ ነገር አዩትና በግራ እጃቸው ይዘው አንሶላው ሥር አስገቡት፤ የሰው ዕቃ ሰብሮ እንደሚሸሽግ ሰው።

«ባለቤቴ እንዳትሰማ» አሉ ቆየት ብለው። «ትደነግጣለች።»

ሐኪሙ ወደ ጥግ ጠራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሊመለስላቸው ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። አንጎል ያለ ስኳር ሲቆይ እንዲህ ነው። ቀን ነው የሚያሳየን» አላት። «ዋናው አሁን ይህ እንዳይደገም ነው። ከዚህ ሲወጡ መርፌውን ማን ይዞ እንደሚወጋ አጣሪ። እሳቸውማ በዚህ እጃቸው አይችሉም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ደግሞ ወር አይቆዩም።»

ስትወጣ ሴትዮዋ ከአግዳሚው ተነሥተው ጠበቋት። ፔርሙሱን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«ነቁ አሉኝ። ተመስገን። እንግዲህ ይህን ውሰጂልኝ ልጄ።»

«ለምን እናቴ?»

«ዳግመኛ በዚህ እጄ መርፌ አልነካም። አይሆንልኝም።»

«ማን ሊወጋቸው ነው ታዲያ?» አለች መምህርቷ፤ ቁጣዋ ወደ ልመና ተለውጧል። «እማዬ፣ እኔ ጨለማ ሳይለቅ ነው ከቤቴ የምወጣው። ከአንቺ ሌላ ማን አላቸው?»

«እኔ ከምገድላቸው በሽታው ይግደላቸው።»

«አይዞዎት፣ ማንም ይሳሳታል» የሚለው ቃል በነርሷ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። መልካም ቃል ነው፤ ብዙ ሰው አጽናንታበታለች። አሁን ግን ብትናገረው ያ «ማንም» ሴትዮዋ እንደሚሆኑ አወቀች። አንሶላው ሥር የተደበቀው እጅ ታያት። ፔርሙሱን ተቀብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ከአጠገቡ ተቀመጠች። ሴትዮዋም ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ። ከታካሚ ወይም ከአስታማሚ ጎን ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠችው መቼ እንደነበር አታስታውስም።

«እናቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለች። «የእኔ ነው።»

«ተይ ልጄ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ...»

«ለማጽናናት አይደለም። ስኳር ይስጡ ያልኩዎት የሚበላውን ነበር። ሁለት ማንኪያ በውኃ። እሱን ደግሞ ቀድሜ ከቤትዎ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እናንተ ቤት ስኳር የሚባለው መድኃኒቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እርስዎ ያልኩትን ነው ያደረጉት። ምልክቱን እንኳ ከሁሉ ቀድመው ለይተዋል። የተሳሳተው የእኔ አነጋገር ነው።»

ሴትዮዋ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ጠዋት ሦስት ጊዜ መርፌ የያዘውን እጅ። ዝም ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ሲወነጀሉ ያልወጣ እንባ ነጻ ሲወጡ ወጣ።

መጀመሪያ የተናገረችው መምህርቷ ናት። ድምጿ ከፍ አላለም፤ ብትጮኽባት ለነርሷ ይቀላት ነበር።

«እኔ የማስተምረው ሕፃናትን ነው» አለች። «በቀን ሃያ ጊዜ ገባችሁ? እላቸዋለሁ፤ ሃያ ጊዜ ገባን ይሉኛል። አንድም ቀን አምኛቸው አላውቅም፤ ደብተራቸውን አያለሁ። አንቺ የሰው ነፍስ ይዘሽ እንዴት አመንሽ?»

«ቸኩዬ ነበር» አለች ነርሷ።

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። መጠየቁ ለራሷ ቅጣት እንደሆነ እያወቀች ጠየቀች። «እናቴ፣ ያን ዕለት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብለውኝ ነበር። ለቀጠሮ አልኩዎት። ምን ነበር?»

«አሁን ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «የትኛውን ስኳር? ልልሽ ነበር» አሉ።

ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ቃል። አፏ ላይ የነበረች አንዲት «የሚበላውን» የምትል መልስ ትበቃ ነበር፤ የምትፈጀው ጊዜ ደረቷ ላይ ያለችው ሰዓት ከምትቀድመው አምስት ደቂቃ አንዱን አይሞላም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ጸጸት የሚባለውን ነገር እስከዚያች ሰዓት በወሬ ነበር የምታውቀው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«አልተቀየምኩሽም ልጄ። አንቺም ሰው ነሽ፤ ሰልፉንም አየዋለሁ።» ሴትዮዋ ፔርሙሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ነርሷም ተስፋ አደረገች። «መርፌውንም እሺ፣ ከተማርኩ እወጋለሁ፤ ለማን ልተዋቸው? ግን ከአንቺ አልማርም።»

«እማዬ...» አለች ልጃቸው።

«ተዪኝ፤ እውነቱን ልንገራት፣ እሷም ነግራኛለች። አንቺ ስትናገሪ፣» አሉ ነርሷን እያዩ፣ «እኔ እሺ ማለት ብቻ ነው የሚመጣብኝ። ብትደግሚልኝም እሺ ነው የምልሽ። አትቀየሚኝ።»

አልተቀየመችም። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስለ ራሷ ከሰማችው ነገር እውነቱ ይህ ነበር፤ እውነት ስለሆነም አንገቷን ደፋች።

ካርዱን ከሐኪሙ ተቀብላ ዔሊን ከክፍሏ ጠራቻት። ካርዱን ከመስጠቷ በፊት ግድግዳው ላይ ደግፋ «ገብቷቸዋል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከጎኑ፣ «አልገባቸውም ነበር። ሳላስረዳ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ዔሊ አንብባ ቀና አለች።

«ይህን እኮ ኃላፊዎቹ ያዩታል» አለች ቀስ ብላ፣ እንደ ልማዷ።

«ይዩት። አደራሽን፣ ጊዜ ስጪያቸው።» ደግሞ ዕዳ የቀረባት ይመስል፣ «በግድግዳው በኩል እስቅብሽ ነበር» አለቻት።

«እሰማሽ ነበር» አለች ዔሊ፤ ሴትዮዋንም ክንዳቸውን ይዛ አስገባች።

የክትትል ክፍሉ በር ላይ ሰልፉ እስከ ደረጃው ደርሷል። ከጠዋት ጀምሮ የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ስትመጣ ሲያዩ፣ «ቶሎ ቶሎ መጣችልን» አለ አንዱ፣ ሌሎቹም እፎይ አሉ። የመጀመሪያው ታካሚ ሲሚንቶ ጫማው ላይ የደረቀበት ግንበኛ ነው፤ ኢንሱሊን ሊጀምር ነው። እሷም በሩን ዘግታ፣ ቆማ፣ እሱም ቆሞ፣ ጀመረች። መርፌው እንዴት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወጋ፣ ምን እንደሚከለከል። ልማድ ክፉ ነው፤ አፏ ራሱን ችሎ ይሮጣል። ከግድግዳው ወዲያ የዔሊ ድምፅ ይሰማል። «እስኪ አሁን እርስዎ ነርስ ይሁኑ፣ እኔ ታካሚ ልሁን።» ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ፣ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለ፣ ኋላ እየጠነከረ፣ «ስኳር፣ የሚበላውን፣ ሁለት ማንኪያ...»

«...ካላበህና ከተንቀጠቀጥክ ደግሞ ወርዷል ማለት ነው፤ ስኳር ሲወርድ ስኳር ትወስዳለህ» ብላ ጨረሰች እሷም። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«እሺ ሲስተር» አለ ግንበኛው፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ለመውጣት እየተዘጋጀ።

ብዕሯ ሳጥኑ ላይ ደርሶ ቆመ። ከውጭ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ።

«ቆይ» አለች። «የትኛውን ስኳር?»

ግንበኛው በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «እውነቱን ልንገርሽ ሲስተር?» አለ አፍሮ። «እሱን እንኳ አልለየሁትም። መርፌውን መስሎኝ ነበር።»

በሩ ደግሞ ተንኳኳ። ነርሷ ብዕሯን ኪሷ ከተተች። ከወንበሩ ላይ የተከመሩትን ካርዶች በሁለት እጇ አቅፋ ወለሉ ላይ አወረደች፣ አቧራውን በእጇ ጠረገችና፣ «ቁጭ በል» አለችው።